አሥር ቦታ በስምንት ቀን፦ ሰሜን ፈረንሳይን ለምታስብ እህት

ጥያቄ፦ የምንኖረው ፍራንክፈርት ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ10 ዓመት ልጃችንና ከአዲስ አበባ ለጉብኝት የመጣችው የ67 ዓመት እናቴ በራሳችን መኪና ሰሜን ፈረንሳይን ልናይ አስበናል። ፓሪስን አይተናል። ያለን ጊዜ ከእንቁጣጣሽ በኋላ 8 ቀን ነው፤ ለመስቀል ቤታችን መሆን አለብን። የያዝናቸው ቦታዎች ሩአን፣ ኤትርታ፣ ኦንፍለር፣ ዢቬርኒ፣ ባዮ፣ ኖርማንዲ የጦር ዳርቻዎች፣ ሞን ሳን ሚሼል፣ አሚየን፣ ካሌና ሊል ናቸው። እኔ ሥዕል እወዳለሁ፣ ልጄ ባሕር። እናቴ የሚካኤልን ገዳም ማየት ትፈልጋለች፤ ግን ጉልበቷን ያማታል፣ ረቡዕና ዓርብም ትጾማለች። ባለቤቴ ካሌን ማየት ይፈልጋል፤ ወንድሙ በ2015 (እንደ አውሮፓውያን) እዚያ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ወራት አሳልፏል። የት እንደር? በምን ቅደም ተከተል እንሂድ?

ምላሽ፦

እህቴ፣ ዝርዝርሽን ሳየው ዓይን አዋጅ እንደሆነብሽ ገባኝ። ከ8ቱ ቀን ሁለቱ የመንገድ ናቸው፤ ከፍራንክፈርት አሚየን 600 ኪ.ሜ. ገደማ ነው፣ ከካሌ ፍራንክፈርትም ያንኑ ያህል። የቀረሽ 6 ቀን ነው። 10 ቦታ በ6 ቀን ከሆነ ልጅሽ ፈረንሳይን በመኪና መስኮት፣ እናትሽ ደግሞ በነዳጅ ማደያ ያውቋታል። በዚህ አገር 14 ዓመት አስጎብኝቻለሁ፤ ቅር ብሎት የተመለሰ ደንበኛ ሁሉ ማለት ይቻላል ጥፋቱ አንድ ነው፣ ብዙ ይዞ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ስለዚህ አራቱን ሰርዢ፦ ሞን ሳን ሚሼል፣ ባዮ፣ የጦር ዳርቻዎቹና ዢቬርኒ። ሊልን ለሌላ ቅዳሜና እሑድ አስቀምጪው። ማደሪያችሁ ሦስት ይሁን፦ አሚየን 2 ሌሊት፣ ሩአን 3 ሌሊት፣ ሳን ቫለሪ ሱር ሶም 2 ሌሊት። ከዚያ በካሌ አድርጋችሁ ወደ ቤት። ክቡ እንዲህ ሲገጥም ከማደሪያ ወደ ማደሪያ ስትሄዱ አንዱንም መንገድ ሁለቴ አትነዱትም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለተሰረዙት፣ በተለይ ስለ ሚካኤል፣ ምክንያቱም እናትሽ ሲሰሙ ቅር እንደሚላቸው አውቃለሁ። ሞን ሳን ሚሼል ከሩአን 250 ኪ.ሜ. ያህል ይርቃል፤ ደርሶ መልስ ከአምስት ሰዓት በላይ መኪና ውስጥ ነው። መኪና ማቆሚያው ከደሴቱ 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ነው ያለው፤ ከዚያ በአውቶቡስ ትሻገራላችሁ። ችግሩ የሚጀምረው ከአውቶቡሱ ስትወርዱ ነው። ገዳሙ አናቱ ላይ ስለሆነ ወደ 350 ደረጃ አለው፤ ጠባቡ መንገድ ላይ ደግሞ ሕዝቡ ትከሻ ለትከሻ ነው። ለታመመ ጉልበት ቅጣት ነው። ታሪኩ ግን ለእሳቸው ደስ የሚል ነውና ንገሪያቸው፦ በ708 የአቭራንሽ ጳጳስ ኦቤር ቅዱስ ሚካኤልን በሕልሙ ሦስት ጊዜ አየ፣ ሁለቱን ጊዜ ቸል ስላለ በሦስተኛው መልአኩ ግንባሩን በጣቱ ነካው ይባላል። ቀዳዳ ያለበት የራስ ቅል ዛሬም አቭራንሽ በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጧል። ስእለት ካለባቸው ግን ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ሳን ቫለሪንና ካሌን ጥለሽ ሁለቱን ሌሊት እዚያ አድርጊው፣ የመመለሻው መንገድ ከ900 ኪ.ሜ. እንደሚበልጥ አውቀሽ።

ባዮ የተሰረዘው በሌላ ምክንያት ነው። ሰው ባዮ የሚሄደው 70 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለውን፣ የ1066ቱን የኖርማኖች ዘመቻ በክር የሚተርከውን ጥልፍ ለማየት ነው፤ ሙዚየሙ ግን ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለእድሳት ተዘግቷል፣ የሚከፈተውም በ2027 ነው። ይህን ሳያጣሩ ሄደው የተዘጋ በር ያዩ ሰዎች አውቃለሁ። የጦር ዳርቻዎቹ፣ ማለትም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተባበሩት ኃይሎች በ1944 ከባሕር የወረዱባቸው፣ ራሳቸውን የቻሉ የሁለት ቀን ጉዞ ናቸው። ዢቬርኒ፣ ማለትም ሠዓሊው ክሎድ ሞኔ ከ1883 እስከ ሞተበት 1926 የኖረበት ቤትና አትክልት፣ ከሩአን ሩቅ አይደለም፤ ነገር ግን በሴፕቴምበርም ቢሆን ከረፋዱ በኋላ አበባ ሳይሆን የሰው ጀርባ ነው የምታዪው። ሞኔን ከወደድሽ ሩአንና ኤትርታ ላይ የበለጠ ታገኚዋለሽ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እዚህ ዳርቻ ላይ የቀኑን ፕሮግራም የሚያወጣው ባሕሩ ነው። እኛ ደጋ ያደግን ሰዎች ባሕር ሁልጊዜ እዚያው ያለ ይመስለናል። እኔ ራሴ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ቤተሰብ ይዤ ሳን ቫለሪ ደረስኩ፤ አባትየው ዳርቻው ላይ ቆሞ እስከ አድማስ የተዘረጋውን አሸዋና ጭቃ አየና «ባሕሩስ የታል?» አለኝ። ሸሽቶ ነበር። ለአራት ሰዓት ያህል የሚታይ ነገር አልነበረንም፣ እኔም ያን ቀን ከንግግር በቀር ያስጎበኘሁት የለም።

ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ከሙላት እስከ ሽሽት ስድስት ሰዓት ከሩብ ያህል ነው፤ ሰዓቱም በየቀኑ በ50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት የነበረው ሙላት በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ ይሆናል። በየከተማው የቱሪስት ቢሮ በነፃ የሚሰጥ ትንሽ ሰንጠረዥ አለ። «ፕሌን ሜር» የሚለው ሙላቱ ነው፣ «ባስ ሜር» የሚለው ሽሽቱ። አጠገቡ «ኮኤፊሲያን» የሚል ቁጥር ታያለሽ፤ ከ20 እስከ 120 ይሄዳል፣ የሙላቱን ጉልበት ይነግርሻል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ስትጠፋ፣ ከዚያም አንድ ሁለት ቀን አልፎ ቁጥሩ ይወጣል። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን፣ ማለትም በማርችና በሴፕቴምበር መጨረሻ፣ የዓመቱ ትልልቅ ሙላቶች ይመጣሉ። እናንተ የምትሄዱት ልክ ያን ጊዜ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አንዳንዱ ሰንጠረዥ የበጋውን ሰዓት አይቆጥርም፣ አንድ ሰዓት መጨመር ይኖርብሻል። ከላይ ወይም ከታች በትንሽ ፊደል ተጽፎ ታገኚዋለሽ።

አሚየን ግን ባሕር የለውም፣ ስለዚህ ቀላሉ ጅማሬ ነው። የመንገዱን ድካም እዚያ አውጡ። ካቴድራሉ መገንባት የጀመረው በ1220 ነው፤ የጣሪያው ከፍታ 42 ሜትር ከ30፣ የውስጡ ስፋት በይዘት ሲለካ በፈረንሳይ ካሉት ካቴድራሎች ሁሉ ትልቁ ነው። ወለሉ ላይ መጀመሪያ በ1288 የተነጠፈ፣ በ1800ዎቹ መጨረሻ እንደነበረው ተደርጎ እንደገና የተሠራ የጥቁርና ነጭ ድንጋይ መንገድ አለ፤ እየተጠማዘዘ እስከ መሐል ይወስዳል፣ ተዘርግቶ ቢለካ 234 ሜትር ነው። ልጅሽን እዚያ ልቀቂው። እግሩ መስመሩን ሳይስት ከጨረሰ ለሌላው ቀን ሁሉ ትዕግሥት ይኖረዋል።

እናትሽን ግን ወደ መቅደሱ ግራ ጎን፣ ወደ ሰሜኑ በኩል ውሰጃቸው። መቅደሱን በከበበው የድንጋይ ግድግዳ ላይ የመጥምቁ ዮሐንስ ታሪክ በቀለም በተቀባ ቅርጽ ተሠርቷል፦ ሕዝቡን ሲያስተምር፣ ሄሮድስን ሲገሥጽ፣ ሲታሰር፣ አንገቱ ሲቆረጥ፣ ራሱ በወጭት ለግብዣው ሲቀርብ። ሰዎቹ የሠሪዎቹን ዘመን፣ የ1500ዎቹን መባቻ ልብስ ለብሰዋል፤ ፊታቸው የሰፈር ሰው ፊት ነው። ይህ ሁሉ እዚህ የተቀረጸበት ምክንያት አለው። በ1204 የመስቀል ጦረኞች ቁስጥንጥንያን ሲዘርፉ፣ ዋሎን ደ ሳርቶን የሚባል የዚህ አገር ካህን የዮሐንስ ነው የተባለ የፊት አጥንት አገኘና በ1206 ወደ አሚየን አመጣው። አጥንቱ ዛሬም ካቴድራሉ ውስጥ አለ። ሮምና ደማስቆም የዮሐንስ ራስ እኛ ጋ ነው ይላሉ፤ ያን ለእናትሽ መንገር አለመንገር የአንቺ ውሳኔ ነው። እኛ አዲሱን ዓመት ራሱን «ቅዱስ ዮሐንስ» ብለን የምንጠራ፣ መስከረም 2ን ራሱ የተቆረጠበት ብለን የምናስብ ሰዎች ነን። በዚያው ሳምንት ከዚህ ግድግዳ ፊት መቆም ለእሳቸው ሌላ ነገር ነው። አንድ ጊዜ የወሰድኳቸው እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ግማሽ ሰዓት አልተንቀሳቀሱም፤ ሌላው ቡድን ቡና ሲጠጣ ጠበቃቸው። ደረጃ የለውም፣ ወንበር አለ።

ከሰዓት በኋላ «ኦርቲዮናዥ» የሚሉት የውሃ ላይ አትክልት አለ፦ ከከተማው ጫፍ 300 ሄክታር ረግረግ በ65 ኪ.ሜ. ቦይ ተቆራርጦ። ድምፅ በሌላት የኤሌክትሪክ ጀልባ 45 ደቂቃ ያህል ያዞሯችኋል። ጀልባዋ ዝቅ ያለች ናት፤ እናትሽ ሲገቡ ክንዳቸውን ያዢ።

ወደ ሩአን 120 ኪ.ሜ. ገደማ ነው። እዚህ ለሥዕል ወዳድ አንድ ምክር አለኝ፣ ብዙ ባልደረቦቼ ባይስማሙበትም፦ ቦታውን ከሥዕሉ አስቀድሚ። ሞኔ በ1892 እና በ1893 ከካቴድራሉ ፊት ለፊት ካሉ ቤቶች ክፍል እየተከራየ ያንኑ የፊት ግድግዳ 30 ጊዜ ያህል ሥሎታል። ብዙ ሸራ ደርድሮ፣ ብርሃኑ በተለወጠ ቁጥር ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘል ነበር። ግድግዳው ወደ ምዕራብ የዞረ ስለሆነ ጠዋት ጥላ ውስጥ ነው፣ ሰማያዊና ግራጫ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከጎን ስትነካው የቅርጹ ጥላ ይወጣል፤ ሊመሽ ሲል እንደ ዳቦ ቅርፊት ይቀላል። አደባባዩ ላይ አንድ ቦታ ምረጡና ልጅሽ በስልኩ ጠዋት፣ ቀትርና ምሽት ፎቶ ያንሳ። በማግሥቱ የከተማውን የጥበብ ሙዚየም ስታዩ ከሥዕሎቹ አንዱን፣ ደመናማ ቀን የተሣለውን፣ ታገኙታላችሁ። ያኔ ልጁ ራሱ «ይኼ የጠዋቱ ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ ይከራከራል። ያን ክርክር ከማንኛውም አስጎብኚ ንግግር አስበልጠዋለሁ፣ የራሴንም ጨምሮ። የሙዚየሙ ቋሚ ስብስብ መግቢያ ነፃ ነው፤ ማክሰኞ ግን ይዘጋል። እዚያው የጣሊያናዊው ሠዓሊ የካራቫጆ «የክርስቶስ ግርፋት» አለ፦ ጥቁር ጀርባ፣ አንድ ነጭ ገላ፣ ሁለት ገራፊ። የሕማማት ሰሞን ሥዕል አይታ ላደገች ዓይን ማብራሪያ አያሻውም።

የካቴድራሉ የብረት ሾጣጣ 151 ሜትር ነው፤ ከ1876 እስከ 1880 በዓለም ረጅሙ ሕንፃ ነበር። በጁላይ 2024 እድሳት ላይ ሳለ እሳት ተነስቶበት ቶሎ ጠፍቷል፤ መወጣጫ ብረት ታስሮበት ብታዩ አትደነቁ። እንግሊዞችን የተዋጋችው ዣን ዳርክ ሜይ 30 ቀን 1431 የተቃጠለችበት የድሮ ገበያ አደባባይ በእግር አሥር ደቂቃ ነው፤ ገና 19 ዓመቷ ነበር። እዚያ ያለው ዘመናዊ ቤተ ክርስቲያን በ1979 ያለቀ ነው፣ ከውጭ ብዙ ሰው ይጠላዋል። ግቡና ዞራችሁ መስኮቱን እዩ። መስታወቶቹ የ1500ዎቹ ናቸው። በፊት የነበሩበት ቤተ ክርስቲያን በ1944 በቦምብ ፈርሷል፤ ጦርነቱ ሲጀምር አውልቀው ስለደበቋቸው ነው የተረፉት።

ከሩአን ሁለት የቀን ጉዞ አለሽ። አንዱ ወደ ኦንፍለርና ለ ሃቭር ነው። ኦንፍለር ወደቡ ዙሪያ ሬስቶራንት የሞላበት፣ ሁሉም ያንኑ ፎቶ የሚያነሳበት ነው፤ ለዚያ ብቻ አልሄድም። የምሄደው ለቅድስት ካትሪን ቤተ ክርስቲያን ነው። የእንግሊዝና የፈረንሳይ የመቶ ዓመት ጦርነት ሲያበቃ ድንጋይ ጠራቢ የሚቀጥርበት ገንዘብ ያልነበረው ሕዝብ የመርከብ አናጢዎቹን ጠራ። እነሱም የሚያውቁትን ሠሩ። ቀና ብለሽ ጣሪያውን ስታዪ ሁለት መርከቦች ጎን ለጎን ተገልብጠው ነው የሚመስልሽ፤ የኖኅን ታሪክ የሰማ ልጅ ሳይነገረው ያውቀዋል። የወርካ ያህል የወፈሩት የኦክ ምሰሶዎች ላይ የመጥረቢያው ምት ዛሬም ይታያል፤ እጅሽን አሳርፈሽ ዳስሺው። የደወሉ ማማ አደባባዩን ተሻግሮ ለብቻው ቆሟል። መብረቅ ቢመታውና ቢቃጠል ቤተ ክርስቲያኑን እንዳይዘው ነው ይላሉ።

ከዚያ በኖርማንዲ ድልድይ ተሻግራችሁ ለ ሃቭር። ይህን ከተማ «ሲሚንቶ ነው» እያሉ ብዙዎች ይዘሉታል። በሴፕቴምበር 1944 ተደብድቦ ፈርሶ ኦጉስት ፔሬ የሚባል መሐንዲስ በኮንክሪት ከሥር የገነባው ነው፤ ዩኔስኮ በ2005 መዝግቦታል። የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻ ግቡ፦ 107 ሜትር ማማ፣ ከታች እስከ ላይ ባዶ፣ 12,768 ቁራጭ ባለቀለም መስታወት ተሰክቶበት። ፀሐይ ባለበት ቀን ወለሉ ላይ ቀለም ይራመዳል። የወደቡ አፍ ላይ ያለው «ሙማ» የተባለው ሙዚየም የኡዤን ቡዳንን ከ200 በላይ ሥራዎች ይዟል። ቡዳን በ1824 ኦንፍለር ተወልዶ፣ ወጣቱን ሞኔን ከቤት አውጥቶ ደጅ ላይ መሣል ያስተማረው ሰው ነው። ትንንሽ ሥዕሎቹን፣ በተለይ ሰማይ ብቻ የሆኑትን፣ ቀስ ብለሽ እያቸው፤ ከዚያ በመስታወቱ ግድግዳ ወደ ውጭ ተመልከች፣ ያው ሰማይ እዚያ አለ። «ኢምፕሬሽን፣ የፀሐይ መውጫ» የተባለውን፣ ለመላው የጥበብ ዘመን ስም ያወጣውን ሥዕል ሞኔ በ1872 የሣለው እዚሁ ወደብ ላይ ነው፤ ሥዕሉ ግን ያለው ፓሪስ፣ ማርሞታን ሙዚየም ነው። ለ ሃቭር መጥተው የፈለጉት ስንቱ! ሙማ የሚዘጋው ሰኞ ነው።

ሁለተኛው ጉዞ ኤትርታ ነው፣ ለልጅሽ። ነጩ ገደል ሦስት ቅስት በር አለው፣ አጠገቡ እንደ መርፌ የቆመ ድንጋይ። ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት (በኛ አቆጣጠር) ካልደረሳችሁ መኪና ማቆሚያ አታገኙም። እናትሽ ከዳርቻው መራመጃ ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ያያሉ፤ ገደሉን መውጣት አያስፈልጋቸውም። በገደሉ ሥር ግን አትሂዱ፣ ሲሸሽም ቢሆን። ድንጋይ ይወድቃል፣ ባሕሩም ሳታውቁት መመለሻውን ይዘጋል። በ1885 ሞኔ ራሱ ትልቁ ቅስት ሥር ተቀምጦ ሲሥል ባሕሩ እየሸሸ ነው ብሎ አምኖ ነበር፤ ማዕበሉ ገደሉ ላይ ወረወረው፣ ሸራውንና ቀለሙን ወሰደበት፣ እሱ በእጅና በጉልበቱ ዳክሮ ወጣ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ልጅሽ ክብ ክብ ጠጠሮቹን ኪሱ ውስጥ እንዳይከትም ንገሪው፤ ከተማውን ከማዕበል የሚጠብቀው ያ ጠጠር ስለሆነ መውሰድ ክልክል ነው፣ ያስቀጣል።

ከሩአን ወደ ሳን ቫለሪ ስትሄዱ በአውራ ጎዳናው አትሂዱ፤ በዲዬፕ በኩል አድርጉ። ከዲዬፕ ትንሽ ወጣ ብሎ ቫራንዥቪል አለ። ገደል አፋፍ ላይ የቆመች ትንሽ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን፣ ዙሪያዋ የመርከበኞች መቃብር፣ ከሥር ባሕር። ገደሉ እየተናደ ስለሆነ ለቤተ ክርስቲያኗ ይሰጋላታል። ሠዓሊው ዦርዥ ብራክ የተቀበረው እዚህ ነው፤ ውስጥ ያለውን ሰማያዊ መስኮትም የሠራው እሱ ነው። የእሴይ ዛፍ ነው። «ትወጽእ በትር እምሥርወ እሴይ» የሚለውን ለሚያውቁ እናትሽ አንድ ቃል ብቻ በቂያቸው ነው። ይህ ቦታ ከዝርዝርሽ ውስጥ አልነበረም፤ በዚህ ዳርቻ አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ ብትይኝ ይህንን ነበር የምመርጠው።

ሳን ቫለሪ የሶም ወንዝ ባሕር የሚገባበት ሰፊ ሰርጥ ላይ ነው። የኖርማንዲው መስፍን፣ ድል አድራጊው ዊልያም፣ በ1066 ወደ እንግሊዝ የተነሳው ከዚህ ነበር። ለልጅሽ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ሰርጡን የሚዞረው አሮጌ የእንፋሎት ባቡር ነው። ሁለተኛው ለ ኡርዴል በሚባለው ጫፍ የሚታዩት አቆስጣዎች፣ በእንግሊዝኛ «ሲል» የሚባሉት የባሕር እንስሳት፣ ናቸው፤ አዎ፣ ኦሪት ዘጸአት ላይ «የአቆስጣ ቁርበት» እያልን ያነበብነው፣ ብዙዎቻችን በሕይወት አይተነው የማናውቀው። ባሕሩ ሲሸሽ አሸዋው ላይ ወጥተው ይተኛሉ፤ ስለዚህ ለ ኡርዴል የምትሄዱት በሽሽት ሰዓት ነው፣ የከተማውን ዳርቻ የምታዩት ደግሞ በሙላት። መነጽረ ሩቅ ያዙ፣ አትጠጓቸው። ሰርጡን በእግር መሻገር የሚቻለው ከሚያውቅ መሪ ጋር ብቻ ነው፤ ሙላቱ ከፊት ሳይሆን ከኋላ፣ በቦዮቹ ገብቶ ይከብባል።

ስለ ምግብ። የኖርማንዲ ወጥ ቤት በቅቤ፣ በክሬም፣ በአሳማና ባለ ቅርፊት በሆኑ የባሕር ፍጥረታት ነው የሚተዳደረው፤ ለተዋሕዶ እናት አራቱም ችግር ናቸው። የአሚየን ዝነኛ ምግብ «ፊሴል ፒካርድ» ውስጡ ካም፣ ማለትም የአሳማ ሥጋ፣ አለበት። ሰላጣም ብታዙ ላዩ ላይ የአሳማ ቁርጥራጭ በትነው ሊያመጡት ይችላሉ፣ «ሳን ፖር» (ያለ አሳማ) በሉ። የጾም ቀን ወጥመዱ ግን ሌላ ቦታ ነው፦ በሰሜኑ የድንች ጥብስ በብዙ ቦታ የሚጠበሰው በበሬ ሞራ ነው። «ድንች ነው፣ ምን አለው» ብለሽ ረቡዕ ቀን እንዳትገዢላቸው። ስለዚህ ሆቴል ትተሽ ወጥ ቤት ያለው ቤት ተከራዪ፣ ሽሮና በርበሬ ይዘሽ ሂጂ። ፍስክ በሆነ ቀን ሳን ቫለሪ አካባቢ ባሕር በሚያለብሰው ጨዋማ ሣር ላይ ያደገ በግ አለ፤ እናትሽ ይፈርዱለት። ምሳ ቤቶች ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ወጥ ቤት ይዘጋሉ፣ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ድረስ አይከፍቱም። ከተራባችሁ በኋላ መፈለግ ከጀመራችሁ ዘግይቷል።

መንገዱን በሚመለከት፦ የእናትሽ ቪዛ ሸንገን ስለሆነ ፈረንሳይ መግባት ይችላሉ፣ ነገር ግን ድንበር ላይ ፍተሻ አለና ፓስፖርታቸውንና የጤና መድኅናቸውን ወረቀት ከእጃችሁ አትለዩ። ኤ13 የሚባለው የኖርማንዲ አውራ ጎዳና አሁን መክፈያ ኬላ የለውም። ካሜራ ታርጋችሁን ያነሳል፣ እናንተ በ72 ሰዓት ውስጥ ኢንተርኔት ላይ ገብታችሁ ትከፍላላችሁ። የጀርመን ታርጋ ነው ብላችሁ ብትተዉት ቅጣቱ ቤታችሁ ድረስ ይመጣል፤ እኔ የራሴን ደብዳቤ ተቀብያለሁ። በሦስተኛው የሴፕቴምበር ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በመላው ፈረንሳይ የቅርስ ቀናት ናቸው፤ ሌላ ጊዜ ተዘግተው የሚከርሙ ሕንፃዎች ይከፈታሉ፣ ማደሪያም ይወደዳል። ቀኑ ከገጠመላችሁ አሁኑኑ አስይዙ።

በመጨረሻም ካሌ። ከሳን ቫለሪ አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። ከመድረሳችሁ በፊት ካፕ ብላን ኔ ላይ ቁሙ፤ መኪና እስከ ላይ ይደርሳል። ሰማዩ ከጠራ የእንግሊዝ ነጭ ገደል ይታያል፣ 33 ኪ.ሜ. ያህል ነው። ባለቤትሽ ወንድሙ በየቀኑ ያየው የነበረውን ያን ይመስለኛል ማየት የሚፈልገው። ካምፑ ራሱ የለም፤ በኦክቶበር 2016 ፈርሷል። የኤርትራና የኢትዮጵያ ምእመናን ከእንጨትና ከፕላስቲክ ሸራ የሠሩት የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያንም አብሮ ሄዷል፤ የካምፑ ደቡብ ክፍል በማርች ሲፈርስ ግን ብቻውን ቆሞ ቀርቶ ነበር። ቦታው ዛሬ አሸዋ፣ ሣርና ወፍ ነው፣ የተፈጥሮ ጥበቃ ሆኗል። ለእናትሽ ይህንንም ንገሪያቸው፤ ሚካኤልን ፍለጋ ሞን ሳን ሚሼል ባይሄዱም።

ከዚያ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ፊት ያለውን የፈረንሳዊውን ቀራፂ የሮዳንን ሐውልት እዩ። በ1347 እንግሊዞች ካሌን ከበው በረሀብ ሲያስጨንቋት፣ ንጉሡ ስድስት የከተማው ሰዎች በባዶ እግራቸው፣ ገመድ በአንገታቸው፣ ቁልፉን ይዘው ለሞት እንዲመጡ ጠየቀ። ንግሥቲቱ ለምናላቸው ተረፉ። ሮዳን ግን የሠራቸው መትረፋቸውን ሳያውቁ በሚሄዱበት ደቂቃ ነው። አንዱ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል፤ ሽማግሌው አንገቱን ደፍቷል፤ ቁልፉን የያዘው ጥርሱን ነክሷል። በ1895 የተመረቀ ነው። ዙሩት፤ እግራቸውን እዩ፣ ከልክ በላይ ትልልቅ ናቸው፣ መሬቱን የሙጥኝ ብለዋል። ልጁ ከደከመው ባሕሩ ዳር ሰው ተሸክሞ የሚሄድ ግዙፍ የማሽን ዘንዶ አለ፣ እዚያ ይካስ።

ቀኑን ቁርጥ አድርገሽ ስትጽፊልኝ የዚያን ሳምንት የሙላት ሰንጠረዥ አይቼ ኤትርታ የትኛው ቀን፣ ለ ኡርዴል በስንት ሰዓት እንደምትደርሱ እነግርሻለሁ። የሩአኑ ቀን ማክሰኞ፣ የለ ሃቭሩ ሰኞ እንዳይውል ብቻ ከአሁኑ ተጠንቀቂ።